ወደ ግራ የሚወስደው ሽጉጥ

አባባ ዓይናቸው መድከሙን አምነው አያውቁም። አውድማ ላይ ሲያዘሩ ገለባው ከፍሬው ተቀላቅሎ ከወደቀ ነፋሱን ይረግማሉ። ከሩቅ የመጣ ሰው አጠገባቸው ደርሶ እጅ እስኪነሣ ካላወቁት «ዘንድሮ የሰው ሁሉ ጋቢ አንድ ሆነ» ይላሉ። ሽጉጣቸው ኢላማ ሲስት ደግሞ ጥፋቱ የሽጉጡ ነበር፤ «ወደ ግራ ይወስዳል።» እምዬ እንዝርቷን ሳታቆም «ወደ ግራ የሚወስደውስ ሰባ ዓመት ነው» ብላ ትመልስላቸዋለች። እኛ የልጅ ልጆች በሙሉ ከእምዬ ወገን ነበርን።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት የሆነበት ጊዜ ነው። ቤታችን ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ወደ አሸተን ማርያም ከሚያወጣው ዳገት ሥር ነበር፤ በቀይ ድንጋይ የተካበ፣ ምድርና ሰገነት ያለው የላስታ ክብ ቤት። ሽጉጡ ሰገነቱ ላይ፣ ከጣሪያው ማገር ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ቤሬታ ነው፤ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጡት፣ ሰባት ጥይት የሚጎርሰው አጭሩ ዓይነት። በግራ ጎኑ የፋብሪካው ስም፣ የተሠራበት ከተማ ጋርዶኔ፣ ቀጥሎ 1937 የሚል ቁጥር፣ ከአጠገቡም በሮማውያን አጻጻፍ 15 ተቀርጾበታል። ያ 15 ምን እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም። አጎቴ የጥይቱ ብዛት ነው ይል ነበር፤ ሰባት ብቻ እንደሚጎርስ እያየ። ፋሽስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ እንደነበር ያነበብሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ 15ኛው ዓመታቸው መሆኑ ነው። አባባ እጅ የገባው ግን በ1933 ዓ.ም.፣ ዘመኑን የሚቆጥሩት ሰዎች አገሩን ጥለው ሲወጡ ነበር።

ከዚያ ቀደም፣ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጣሊያን ላይ ተነሥተው በ1930 ዓ.ም. መግቢያ በተገደሉበት ጊዜ፣ አባባ ጢም ያላበቀሉ ጎረምሳ ሆነው ስንቅ ይሸከሙ ነበር። መሣሪያ አልነበራቸውም። ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ስለ ሞቱት ሰዎች በእርጋታ ያወራሉ፤ ባዶ እጃቸውን መሄዳቸው ላይ ሲደርሱ ነው ድምፃቸው የሚሰበረው። ስለዚህ ቤሬታውን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ልጃቸው እንኳ፣ ሚስት አግብቶ ልጅ የወለደው አጎቴ፣ «ላጽዳልዎት» ብሎ ሲጠይቅ «እጅህ ላብ ይበዛዋል» ተብሏል።

በደርግ ዘመን መሣሪያ ሲለቀም ሽጉጡ መሬት ገባ። በቅቤ ታሽቶ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ እንስራ ውስጥ ሆኖ ከበረቱ ጥግ ተቀበረ። ቅቤ ብረትን ከዝገት ያድናል ተብሎ ነው። ለጊዜው ያድናል። ሲቆይ ግን ይሻግታል፣ ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠ ቅባት ራሱ ብረት ይበላል፣ የበረት እርጥበት ሲታከልበትማ አይነሣ። በ1983 ሲወጣ የአፈሙዙ ውስጥ ደኅና ነበር፤ ዝገቱ የገባው ቀጭን ስንጥቅ ባለበት ሁሉ፣ ከሁሉም ይልቅ የኋላ ማነጣጠሪያው ሥር ነው።

የዚህ ሽጉጥ ሁለት ማነጣጠሪያዎች ጠባያቸው አንድ አይደለም። የፊተኛው፣ ሲቀባበል ወደ ኋላ ከሚሄደው ከላይኛው ብረት ጋር አንድ አካል ነው። ሲሠራ ዙሪያው ተፍቆ እሱ ቀረ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከአለቱ እንደቀረው፤ ማንም አላስገባውም፣ ማንም አያወጣውም። የኋለኛው ግን ከውጭ የመጣ ነው። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ ቦይ ከጎን ወደ ጎን ተቆርጦለት፣ እግሩ በዚያው ልክ ተሞርዶ፣ ከጎን በጉልበት ተገፍቶ የገባ ነው። ብሎን የለውም፣ ብየዳ የለውም፤ የያዘው ጥበቱ ብቻ ነው። ብረት ሲዝግ ደግሞ ያብጣል። በጥበት የተያዘው በዝገት ተቆለፈ ማለት ነው።

አጎቴ ይህን ያወቀው በመሮ ነው። አንድ እሑድ አባባ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ሽጉጡን አውርዶ፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ አጋድሞ፣ የድንጋይ መሮ ደግኖ በመዶሻ መታው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አባቱ ሲመለሱ ተቃንቶ ሊያገኙት ነው። ማነጣጠሪያው ንቅንቅ አላለም። መሮው እየሸሸ የቦዩን ከንፈር ወጋው፤ የተወጋው ብረት ወደ ውስጥ ጎብጦ ማነጣጠሪያውን ጭራሽ ነከሰው። አጎቴ ቁስሉን በጥላሸትና በምራቅ አሽቶ ሽጉጡን ከማገሩ ሥር መለሰ። እኔን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አስጠነቀቀኝ። ያን ሰሞን ሽጉጥ ማነጣጠሪያ ምን ያደርግለታል የሚል ክርክር ጀመረ። ሽጉጥ የክንድ ርቀት መሣሪያ ነው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ንግሥት በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሲያጠፉ ማነጣጠሪያውን አይተውታል ወይ፣ ይላል። አባባ በቴዎድሮስ ስም ሲቀለድ አይወዱም። ክርክሩ ያመጣው ነገር ቢኖር ሽጉጡ ወደ ቀጥቃጩ እንዲሄድ መወሰኑን ብቻ ነው።

ቀጥቃጩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያው ዳር፣ ጨው ከሚሸጡት ወዲያ፣ ብቻውን ይቀመጣል። ማረሻ ያወጣል፣ ማጭድ ይስላል፣ የመጥረቢያ ዓይን ያጠብቃል። ሰው ሥራውን ይሰጠዋል፣ ይከፍለዋል፣ ከዓይኑ ግን ይሸሻል። እኛ ልጆች ዳቦ ይዘን በፊቱ አናልፍም፤ ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይሄዳል ተብለናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው፣ ተሳዳቢው እንደሚታሰር አስነግረው ነበር። አዋጁ የላስታን ዳገት ወጥቶ እንደሆነ እንጃ። እኛ መንደር በ1980ዎቹ አልደረሰም ነበር።

«ባዶ ነው?» አለ አባባን፣ ሽጉጡን ከመቀበሉ በፊት።

«ባዶ ነው አልሁህ።»

«አልጠረጠርሁም ጌታዬ።» አለና ካርታውን አወጣ፣ ወደ ኋላ ስቦ ቀባበለው፣ ትንሿን ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰ። ከዚያ የጎኑን ቁልፍ አዙሮ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ያዘ፣ አፈሙዙን ገፍቶ አነሣ፣ ብረቱን ወደ ፊት አንሸራትቶ አወጣው። እንደዚያ ያለ ፍጥነት ከእሱ አልጠበቅሁም ነበር። አባባም አልጠበቁም መሰለኝ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ማነጣጠሪያውን ወደ ብርሃን አዙሮ ብዙ አየው። በእሾህ ጫፍ ጥላሸቱን ፋቀና የመሮውን ጉድጓዶች አገኛቸው። አጎቴ አባባ ኋላ ቆሟል። ቀጥቃጩ ቀና ብሎ አየው፤ ረጅም አስተያየት አልነበረም።

«ዝገት ነው» አለ።

አጎቴ በረጅሙ ተነፈሰ። ቀጥቃጩ እሾሁን ሳይጥል እኔን ጠራኝ። የልጅ ዓይን ይሻላል ብሎ ነው። ቀርቤ እንዳይ ሲያዝ ከዳቦው ወሬ የተነሣ ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል፤ እጁ ከሰልና ሰም ይሸታል። በቀኝ በኩል የቦዩ ጫፍ ባዶ ነበር፣ አንድ ቅጠል ውፍረት ያህል፤ በግራ በኩል ማነጣጠሪያው በዚያው ልክ ከብረቱ ጎን ወጥቷል። ያየሁትን ተናገርሁ።

«እንግዲህ ወደ ግራ ይወስዳል» አለ ቀጥቃጩ።

አባባ እውነታቸውን ነበር። የኋላ ማነጣጠሪያ ወደ ሄደበት ጥይቱም ይሄዳል፤ ሽጉጥ አጭር ስለሆነ ደግሞ ትንሿ መዛነፍ ትልቅ ትሆናለች። ቆይቼ በወረቀት አስልቼዋለሁ። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 12 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ 25 ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ አንድ ስንዝር ገደማ። ለዚያች ስንዝር ነው ቤተ ሰቡ በሙሉ ሽማግሌ ላይ ሲስቅ የኖረው። አባባ ግን በዚያ ሰዓት ድላቸውን አላነሡም። «ለምን በእሳት አሙቀህ አታወጣውም?» ብቻ አሉ።

«ማረሻ ቢሆን አሞቀው ነበር። ይሄ ውሃ የጠጣ ብረት ነው። እሳት ካየ ይሞታል።»

ነጭ ጋዝ በቅል ቀድቶ ብረቱን ዘፈቀው። ወደ ስንጥቁ ሰርጎ ዝገቱን እስኪያላላው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆያል አለ። አባባ ላይኛውን ብረት ትተው፣ መያዣውንና አፈሙዙን ይዘው ለመሄድ ተስማሙ። ለሁለቱም ዋስትና ነው፤ እሱ ዘንድ ያለው አይተኩስም፣ እሳቸው ዘንድ ያለውም አይተኩስም። ያን ሳምንት አባባ ግማሽ ሽጉጥ ወገባቸው ላይ ሽጠው ሰነበቱ፤ ጋቢው ሥር ያበጠው ቦታ እንዳይጎድል ነው።

በዚያው ሳምንት የዋግሹም ጎበዜን ታሪክ ማታ ማታ ያነሡ ነበር። ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፣ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከትግሬው ካሣ ጋር ሲገጥሙ ሠራዊታቸው በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ካሣ ግን የእንግሊዙ ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ የተወላቸውን መድፍና ጠመንጃ ይዘዋል። የላስታና የዋግ ሰው ብዛቱን ይዞ ሄዶ ተሸነፈ፤ ካሣ ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። አባባ ይህን የሚያወሩት ስለ ጀግንነት አይደለም። «ብረቱን የሚያውቅለት አልነበረውም» ብለው ይጨርሳሉ። ይህን የሚሉት ብረት የሚያውቀውን ሰው ከቤታቸው ደጃፍ የማያሳልፉ ሰው መሆናቸውን ማንም አላስታወሳቸውም። እኔም ያኔ አልታየኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ስንደርስ ቀጥቃጩ ተሰናድቶ ነበር። አንድ የወይራ ጉማጅ ላይ በብረቱ ልክ መቀመጫ ፈልፍሎ፣ ቁርበት አንጥፎበት፣ ብረቱን አስተኝቶ ከጎኑ በሽብልቅ አጥብቆታል። ከጎኑ ቀጭን ሞረድና ጣት የሚያህል የናስ ዘንግ አሉ። ዘንጉ የውጅግራ ቀለህ አቅልጦ ያፈሰሰው ነው። መስቀል የሚያፈሱ ባለሙያዎች ዘንድ ቀለህ ተፈላጊ ናስ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው።

«በመሮ የመታው ሰው ብረት በብረት ያወጣል መስሎት ነው» አለ፣ ለማንም ሳይናገር። «ናስ ሲመታ ራሱ ይጎዳል፣ ሌላውን አይጎዳም።» አጎቴ ወደ በግ ተራ የሚያይ መሰለ።

መጀመሪያ የጎበጠውን ከንፈር ሞረደ። ይህ ረጅሙ ሥራ ነበር። ሞረዱን ወደ ፊት ብቻ ይገፋል፤ ወደ ኋላ ሲመልስ ያነሣዋል። ጥቂት ይሞርድና በጥፍሩ ይዳስሳል፣ እንደገና ይሞርዳል። አባባ መቆም ሰለቻቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ከቀጥቃጭ አጠገብ በአደባባይ ሲቀመጡ ያየኋቸው ያኔ ነው፣ ሰውም አያቸው። ከንፈሩ ሲቃና የናሱን ዘንግ ከግራ በኩል፣ ከማነጣጠሪያው እግር ላይ፣ ቦዩ ጋ አስጠግቶ ደገነ። ከላይ ቢመታ ጫፉ ይጎብጣል፣ እግሩ ይቀራል። ከኋላ ሆኖ ለሚያየው ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚወጣው፤ ሲመለስ ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል። የብዙ መሣሪያ ልማዱ እንዲህ ነው አለን።

መታ። ምንም የለም። ደቃቃ ምት እያከታተለ አልነካካውም፤ ዘንጉን አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንድ ቁርጥ ያለ ምት አሳረፈ። ድምፁ ተለወጠ። ቀድሞ የደረቀ ነበር፣ አሁን ጉርጉር ያለ ሆነ። ማነጣጠሪያው የተነሣ አይመስልም፣ ግን ከሥሩ ቀይ ዱቄት ብን ብሎ ቁርበቱ ላይ ወረደ። በሚቀጥለው ምት ተንሸራተተ፣ ከዚያ በኋላ በአውራ ጣቱ ገፍቶ መዳፉ ላይ ጣለው። ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አባባ ሊያዩት ጎንበስ አሉ፣ ዓይናቸውን አጨነቆሩ፣ አላዩትም፤ «አየሁት» አሉ።

ቦዩን በእንጨት ጫፍና በአመድ ፈትጎ አነጣው። ማነጣጠሪያውን ራሱን በጉጠት ይዞ ፍም ላይ አሞቀና ኑግ ዘይት ውስጥ ነከረው፤ ጢሱ ሲጠፋ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ይህችን ትንሽ ቁራጭ እሳት አይጎዳትም፣ ጥይት የሚፈነዳባት አይደለችም። የተሞረደውን ከንፈር ግን ማጥቆር አልቻለም። በዘይትና በጥላሸት አሸው፣ ነጣ ያለ መስመር ቀረበት። ከቀኝ በኩል በናሱ እየነካ አስገባው፤ መሐሉን ያገኘው በሰንበሌጥ ነው። አንዲት ዘለላ ሰንበሌጥ ከማነጣጠሪያው እስከ ብረቱ ጠርዝ በግራ በኩል ለክቶ ቆረጠና በቀኝ አስጠግቶ አየ፤ ጥቂት ገፋ፣ እንደገና ለካ። ሰንበሌጧ በሁለቱም ወገን እኩል ስትሆን መዶሻውን አስቀመጠ።

ሰኞ ዕለት አባባ ከቤቱ ጀርባ ካለው ገደል ግርጌ ቅል ሰቅለው ተኮሱ። ጥይቱ በቅሉ ቀኝ አለፈ፣ አፈር አቦነነ። እንደገና ተኮሱ፤ በዚያው በቀኝ አለፈ። ለካ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ሽጉጡ ወደ ግራ ስለሚወስድ ወደ ቀኝ አድርገው ማለም ለምደዋል፤ ሽጉጡ ሲቃና ልማዳቸው አልተቃናም። «አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ይወስዳል» አሉ። እምዬ እንዝርቷ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ጥይት ውድ ስለነበር ሦስተኛውን ለአጎቴ ሰጡት፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቅሉን ለሁለት ከፈለው።

ቀጥቃጩ የድካሙን ገብስ ሊወስድ በማግስቱ ቤት መጣ። ገብሱ ያለ ንፍገት ተሰፈረለት፣ ጠላም ቀረበለት፤ በተለየ ቅል፣ ከደጃፉ ውጭ። ቤቱ ውስጥ ግባ ያለው የለም፣ እሱም የጠበቀ አይመስልም። ቅሉ ኋላ ከዕቃችን ጋር አልተቀላቀለም። እምዬ ክፉ ሴት አልነበረችም። ለማታውቀው መንገደኛ አልጋዋን የምትለቅ ሴት ነበረች፤ ይህን የማደርገው ለልጆቼ ነው ትል ነበር፣ ታምንበትም ነበር።

በዚህ አገር ይህ ነገር ሲገርመኝ ይኖራል። ከቤታችን ቁልቁል ሲታይ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለዋል። ሁሉም በብረት የተሠሩ ናቸው፤ አለት በጸሎት ብቻ አይፈለፈልም፣ ብረትም ድንጋይ ሲነካ ይደነዝዛል፣ በቀን ስንቴ መሳል እንዳለበት ድንጋይ የጠረበ ያውቀዋል። ገድለ ላሊበላ ራሱ ንጉሡ ብዙ የብረት መሣሪያ እንዳሠራ ይናገራል። ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ሠሩ የሚለውንም ይናገራል። ለገና የሚመጣው ምእመን ስለ መላእክቱ በእንባ ይሰማል፤ ደግ። መሮውን ያወጣው፣ ማታ ማታ በወናፍ ሥር ጫፉን እየሳለ ለንጋት ያደረሰው ሰው ማን እንደነበር ሲጠይቅ የሰማሁት አስጎብኚም ጎብኚም የለም። እኔ መላእክቱን አልነፍጋቸውም። የተሳለ መሮ ግን ሌሊቱንም ቀኑንም ያስፈልጋል።

አባባ ካረፉ በኋላ፣ ሙት ዓመታቸው ወጥቶ፣ አጎቴ ቤሬታውን ለመሸጥ ወሰነ። ገዥው የመቄት ሰው ነበር፣ መሣሪያ የሚያውቅ። ካርታውን አወጣ፣ ቀባበለ፣ የአፈሙዙን ውስጥ በፀሐይ አየ፣ 1937ቱን አነበበ። ከዚያ በአውራ ጣቱ የኋላ ማነጣጠሪያውን ዳሰሰና ነጣ ያለችውን መስመር አገኛት።

«ይሄ ተነክቷል?»

«በፍጹም» አለ አጎቴ። «የጣሊያን እጅ እንዳለ ነው። ሰው አልነካውም።»

ሰውዬው ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ወደ ማዶው ገደል አለመና ቀጥ ያለ መሆኑን አየ። በዚያው ዋጋ ተስማሙ።